ብቻችሁን ጆሮ አትሁኑ፦ መስማት የተሳነው ልጅ ለምታሳድጉና ለምታስተምሩ

መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። አብዛኞቻችን ወደዚህ ሕይወት የገባነው መስማት የተሳነው ሰው በቅርብ ሳናውቅ፣ ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ውጤት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ) ማንበብ ሳንችል፣ አንድ ምልክት እንኳ ሳንማር ነው ማለት ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ልጄ በሁለቱም ጆሮዎቿ ከባድ የመስማት ጉዳት አለባት፤ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች፣ በምልክት ቋንቋም ትግባባለች። እሷን ለማሳደግ ብዬ የተማርኩት ቀስ በቀስ ሥራዬ ሆነና ዛሬ ልጃቸው ገና ተመርምሮ ውጤት የተነገራቸውን ቤተሰቦች አማክራለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሁለቱም ወገን ሆኜ ነው፤ ልጁን ታቅፎ ከሚመጣውም፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሚቀበለውም።

ስለ ወላጅ ድካም ሲወራ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ለራስ ጊዜ መስጠት፣ መታጠብ፣ መዝናናት፣ ሻይ ይዞ መቀመጥ ነው። ክፋት የለውም። ሆኖም እኔ ያየኋቸው እናቶችና አባቶች፣ መምህራንና አስተርጓሚዎች የሚዝሉበት ምክንያት ሌላ ነው። የልጁ መስሚያ፣ አፍና አስተርጓሚ ሁሉ አንድ ሰው ስለሆነ ነው። ያ ሰው ለአንድ ሰዓት ቢዝናና ሥራው ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ ሥራውን እንዴት ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንደምታወርዱት ነው።

በወረቀት ጀምሩ

ለአንድ ሳምንት ከልጁ መስማት ጋር የተያያዘውን ሥራ ሁሉ ጻፉና ከአጠገቡ ማን እንደሠራው መዝግቡ። ትንሽ የሚመስለውን አትዝለሉ። ጠዋት ባትሪ ማየት፣ ሞልዱን (ጆሮ ውስጥ የሚገባውን፣ ለልጁ ጆሮ ልክ የተሠራውን የመሣሪያውን ክፍል) ከጆሮ ሰም ማጽዳት፣ ቱቦው ውስጥ እርጥበት አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ መሣሪያውን በማዳመጫ ቱቦ (የሚሰማ ሰው የመሣሪያውን ድምፅ በሚያዳምጥበት ቱቦ) መፈተሽ፣ ስድስቱን ድምፆች (አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ም፣ ስ፣ ሽ) እየጠሩ ልጁ መስማቱን ማየት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ማንም ሥራ ብሎ የማይቆጥረው አለ፤ ከመናገር በፊት ልጁ እንዲያያችሁ ማድረግ፣ ፊታችሁ ላይ ብርሃን እንዲያርፍ ቦታ መምረጥ፣ ቴሌቪዥን ማጥፋት፣ እንግዳው ያለውን ደግሞ መንገር፣ ልጁ ያለውን ለእንግዳው መተርጎም። ቀጠሮ መያዝ፣ ለትምህርት ቤት መደወል፣ ሞልድ ማስቀየር። ሕፃን በፍጥነት ስለሚያድግ ሞልዱ በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ሳምንቱ ወይም በየጥቂት ወሩ ይጠብበዋል፤ ይህም ብቻውን ራሱን የቻለ ምልልስ ነው።

ሳምንቱ ሲያልቅ በአብዛኛው ቤት የምታዩት አንድ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ነው። ወረቀቱን ለባለቤታችሁ፣ ለእህታችሁ፣ ለአያት አሳዩ። ደክሞኛል ብላችሁ ከምታስረዱት ይልቅ ይህ ወረቀት ያስረዳል፤ ክርክርም አያስነሳም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ነገር ግን ሎሚዎቹ ተቆጥረው ካልታዩ ማንም እጁን አይዘረጋም።

ሁለተኛ ሰው አሠልጥኑ

ከወረቀቱ ላይ መሣሪያውን የሚመለከተውን ሥራ መጀመሪያ ስጡ። ለመማር ቀላል ነው፣ በየቀኑ ስለሚደጋገምም እረፍቱ ቶሎ ይሰማችኋል። ለተረካቢው አንድ ገጽ ጻፉለት። ቀይ ምልክት ያለው የቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊው የግራ ነው። የአየር ዚንክ ባትሪ ተለጣፊው ከተላጠ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ክፍት ቢቆይ ጥሩ ነው። መሣሪያው ካፏጨ ሞልዱ በደንብ አልገባም ወይም ለጆሮው ጠቦታል። ድምፅ ከሌለው ባትሪውን፣ ከዚያ ሰሙን፣ ከዚያ እርጥበቱን ተመልከት። አሮጌም ሆነ አዲስ ባትሪ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ፤ የባትሪው በር የሚቆለፍ ከሆነም ይቆለፍ። ልጅ ባትሪ ከዋጠ ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ሲማር አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጃችሁን ግን ጭናችሁ ላይ አድርጉ። ሞልዱን አዙሮ ያስገባዋል፣ መልሶ ያወጣዋል፣ ልጁም ይነጫነጫል። ያን ጊዜ ቀምታችሁ ብትሠሩት ተማሪው የሚማረው ነገር ቢኖር ይህ ሥራ የእናንተ ብቻ መሆኑን ነው። ሲለምድ ለግማሽ ቀን ከቤት ውጡ። በስልክም አትከታተሉ። መሣሪያው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቢያፏጭ የልጁ ቋንቋ አይጠፋም፤ ልጁን መንከባከብ የሚችል ሁለተኛ ሰው መገኘቱ ግን ለዓመታት ይጠቅመዋል።

የምልክት ቋንቋ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ከመሣሪያው ይበልጥ ያሳስበኛል። በቤቱ ምልክት የምትችለው እናት ብቻ ከሆነች ልጁ ከአባቱ ጋር የሚያወራው በእሷ በኩል ነው፤ እሷ ስትታመም ቤቱ ውስጥ ቋንቋ ይቆማል። ስለዚህ ሁሉም እንዲማር ከመለመን ይልቅ ለእያንዳንዱ ዘመድ የራሱን ድርሻ ስጡት። አጎት የኳስ ጨዋታን ይማር፣ አያት ተረትን፣ አባት የመኝታ ሰዓትን። ሰው የራሱ የሆነ ርዕስ ሲኖረው ይማራል። ልጁም ስለ ኳስ ለመጫወት ወደ እናቱ መምጣቱን ይተዋል።

አንድ ነገር ላክል። የሚሰሙ ወንድምና እህቶችን ሁለተኛ ሰው አታድርጉ። ምልክት ቶሎ ይለምዳሉ፣ ሲታዘዙም ደስ ይላቸዋል፤ በዚህ የተነሳ ሳናስበው የስምንት ዓመት ልጅ የቤቱ አስተርጓሚ ሆና ትገኛለች። የእሷ ድርሻ መጫወት ነው።

ዘመድ ሲሰበሰብ

ባለሙያ አስተርጓሚዎች ረጅም ስብሰባ ላይ ሁለት ሆነው የሚመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በየ20 ደቂቃው ገደማ የሚቀያየሩት አእምሮ እየዛለ ሲሄድ የትርጉሙ ጥራት ስለሚወርድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድካሙን አስተርጓሚው ራሱ ልብ ሳይለው ስህተቱ ይቀድማል። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው 20 ደቂቃ ከተባለለት፣ ከአምስት ሰዎች ጫጫታ ውስጥ ለልጇ ሦስትና አራት ሰዓት የምትተረጉም እናት ማታ ራሷን ቢያማት ምን ይገርማል?

ስለዚህ ተራ አውጡ። ልጁ አጠገብ የተቀመጠው ሰው የዚያን ሰዓት ተረኛ ነው፤ ምልክት ባይችል እንኳ ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ይነግረዋል፣ የሚናገረውን ሰው በእጁ ይጠቁመዋል። ተራ የሚይዝ ሰው ከሌለ ደግሞ ለልጁ እውነቱን ንገሩት፤ «እጄ ደክሟል፣ ትንሽ ልረፍና የተወራውን እነግርሃለሁ» በሉት። ከዚያ በእርግጥ ንገሩት። «ምንም አይደለም፣ በኋላ» ብሎ መተው እጅግ ያቆስላል፤ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ይህችን ቃል ነው።

የእናንተን ድካም በግልጽ መናገር ለልጁም ትምህርት ነው። በመስሚያ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ፣ ከንፈር ማንበብ፣ የጎደለውን ቃል በግምት መሙላት ከባድ ሥራ ስለሆነ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዝሎ ነው የሚመጣው። እኛ ቤት ከትምህርት ቤት መልስ የዝምታ ሰዓት አለ። መሣሪያውን ማውለቅ ግዴታ አይደለም፤ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያስጠናም፣ ሥዕል ወይም መገጣጠሚያ ጨዋታ ይቀርባል። ልጄም ታርፋለች፣ እኔም አርፋለሁ።

ጥፋተኝነትና ተመላልሶ የሚመጣ ሐዘን

ምን በድዬ ነው የሚለውን ጥያቄ ያላነሳች እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም። አባቶች ዝም ይላሉ እንጂ እነሱም ይጠይቁታል። መልሱን እወቁት። አብሮ የሚወለድ የመስማት ጉዳት በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ከዚህም ውስጥ የሚበዛው የሚከሰተው የሚሰሙ እናትና አባት ሁለቱም ሳያውቁት የተሸከሙት የዘረ መል ለውጥ በልጁ ላይ ሲገናኝ ነው። ሌላው የመስማት ጉዳት መንስኤ የሆነው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስም በእርግዝና ወቅት ብዙ ጊዜ እናትየው ምንም ሕመም ሳይሰማት ወደ ፅንሱ ያልፋል። በሁለቱም መንገድ እናንተ የመረጣችሁት ነገር የለም። ሐኪሙን ስለ መንስኤው ስትጠይቁ ሌላ ሰው አብሯችሁ ይግባ፤ መልሱንም እሱ ይጻፈው። ልባችሁ ሲደነግጥ የሰማችሁት ነገር በጭንቅላታችሁ አይቆይም፤ ሌሊት ላይ ደግሞ ያልተባለ ነገር ሁሉ የተባለ ይመስላል።

ሐዘኑ አንዴ አልፎ የሚሄድ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሳይመን ኦልሻንስኪ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ወላጆች ተመልክቶ ይህን ዓይነቱን ስሜት ሥር የሰደደ ሐዘን ብሎ ሰይሞታል፤ በሽታ ሳይሆን ተፈጥሯዊ ምላሽ መሆኑንም አስረድቷል። በእኛም ቤት ያው ነው። እኩዮቹ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ኦዲዮግራሙ ከባለፈው ዝቅ ብሎ ሲገኝ ይመለሳል። የሚመጣበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ተዘጋጁበት። የመስማት ምርመራ ባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀጠሮ አትያዙ፤ የሚነዳላችሁ ወይም የሚያጅባችሁ ሰው ይኑር፤ እራትም ሌላ ሰው ይሥራ።

አራስ እናቶችን ለብቻ ላነሳችሁ እወዳለሁ። በብዙ አገሮች የሚመከረው መርሐ ግብር ሕፃኑ በ1 ወሩ የመስማት ልየታ (የመጀመሪያ ፍተሻ) እንዲያገኝ፣ በ3 ወሩ ምርመራው እንዲጠናቀቅ፣ በ6 ወሩ ድጋፍ እንዲጀምር ነው። ለልጁ ቋንቋ እጅግ ጥሩ ነው። ለእናትየው ግን ከባዱ ዜና የሚደርሳት ሰውነቷ ገና ሳይጠገን፣ እንቅልፏ ሳይመለስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ በተለይም በድባቴ የሚገለጽ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልለቀቃችሁ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ የሚያስደስታችሁ ነገር ከጠፋ ሐኪም አማክሩ። ራሳችሁን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ሰዓት ሂዱ።

ስለ ፍርሃት ደግሞ ከሁሉ የጠቀመኝን ልንገራችሁ፤ መስማት ከተሳናቸው አዋቂዎች ጋር መቀመጥ ነው። የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ የሚከራከሩ፣ የሚስቁ ሰዎች። ልጄ አድጋ ምን ትሆናለች እያልኩ የማድረውን ሌሊት የቀነሰልኝ ምክርም መጽሐፍም አይደለም፤ ከእነሱ ጋር መቀመጤ ነው። ልጃችሁ የምልክት ቋንቋ ባይጠቀምም፣ ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) ቢደረግለትም ይህን አትዝለሉት።

የሰዓት ቆጣሪው ነገር

ዘመናዊ የመስሚያ መሣሪያዎች በቀን ስንት ሰዓት እንደተደረጉ ይመዘግባሉ። ኦዲዮሎጂስቱ (የመስማት ባለሙያው) መሣሪያውን ከኮምፒውተር ሲያገናኘው ቁጥሩ ይወጣል፤ ወላጅ ደግሞ እንደ ፈተና ውጤት ይሰማዋል። አንገታቸውን ደፍተው የወጡ እናቶች አውቃለሁ፤ ቀጣዩን ቀጠሮ የቀሩም አሉ። ልጁ በነቃበት ሰዓት ሁሉ መሣሪያውን ቢያደርግ የሚመከር መሆኑ እውነት ነው። ወደዚያ የሚደረሰው ግን በማፈር አይደለም።

ከቀጠሮው በፊት ቁጥሩን የሚያሳንሰውን ነገር ራሳችሁ ጻፉ፦ መኪና ውስጥ ይነቅለዋል፣ የቀን እንቅልፍ ረጅም ነው፣ ሞግዚቷ ማስገባት ትፈራለች። ከዚያ የጎደለው ሰዓት የትኛው እንደሆነ ጠይቁና አንዱን ብቻ ለማስተካከል ተስማሙ። ባለሙያዎች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ቁጥሩን ከመናገራችሁ በፊት ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ጠይቁ። ሥር ያለውን ችግር ያኔ ታገኙታላችሁ፤ ብዙ ጊዜም የጠበበ ሞልድ ወይም ያልሠለጠነ ሁለተኛ ሰው ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ቤት ውስጥ የምትሠሩት ግብ በአንድ ጊዜ አንድ ይሁን። ሦስት ባለሙያ ሦስት የቤት ሥራ ከሰጣችሁ ለሦስቱም አሳዩአቸውና የትኛው ይቅደም በሏቸው። ልብስ ሲለብስ፣ ሲታጠብ፣ ስትበሉ ቋንቋ አለ፤ ያ ይበቃል። በቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር ምንም የማስተማር ዓላማ ሳይኖረው ከልጃችሁ ጋር አድርጉ።

ለሌሊቱ

ለአዋቂ ሰው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ ቤት እንቅልፍ የሚያጠፋው ጨለማው ነው። መሣሪያው ሲወልቅና መብራት ሲጠፋ ልጁ አይሰማም፣ አያይም፤ ስለዚህ ይጠራል፣ ይይዛል፣ አልለቅም ይላል። ትንሽ የሌሊት መብራት አብሩ፣ ፊታችሁና እጃችሁ ይታየው። የመጨረሻውን ነገር ሁሉ (ነገ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሚያነቃው) መሣሪያው ሳይወልቅ ጨርሱ። ሌሊት የሚነሳው ሰውም በተራ ይሁን።

ለባለሙያዎች

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ፣ 11ኛው እትም፣ የሥራ መዛልን በሦስት ምልክቶች ይገልጸዋል፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም በሥራው ላይ ክፉ አመለካከት መያዝ፣ ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። በእኛ ሙያ ሁለተኛው ሲገባ በአነጋገር ይታወቃል። «እነዚህ ወላጆች አይለወጡም» ማለት ስትጀምሩ ቁም ነገሩ ከወላጆቹ ላይ ላይሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሥራ እንዲቀንስላችሁ ጠይቁ፤ የመዛሉ ምክንያት ከሥራው ስለሆነ መፍትሔውም መጀመሪያ ከሥራው ይፈለግ።

ውጤት የምትነግሩ ከሆነ አዲስ ውጤት የሚነገራቸውን ሁለት ቤተሰቦች በተከታታይ አትያዙ። ከአንዱ ቤተሰብ በኋላ አጭር ክፍተት ይኑር፤ ማስታወሻውን ጻፉ፣ ተነሡ፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር ጥቂት አውሩ። ይህ በቀጠሮ ደብተር ላይ ካልተጻፈ አይገኝም።

ስለ ሰውነታችሁም ላንሳ፤ የምንሠራው በእሱ ስለሆነ። መምህራን፣ አትጩኹ። ጩኸት የከንፈርን ቅርጽ ያበላሻል፣ በመሣሪያው ውስጥም ድምፁን ያዛባል፤ ለልጁም ለጉሮሯችሁም አይጠቅምም። ትምህርት ቤቱ ገመድ አልባ ማይክሮፎን ካለው አድርጉት፤ ልጁን ብቻ አይረዳም፣ ድምፃችሁንም ያድናል። አስተርጓሚዎችና በምልክት የምታስተምሩ፣ የእጅ አንጓ፣ የክርንና የትከሻ ጉዳት በዚህ ሙያ የተለመደ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት እጃችሁን አሙቁ፣ ሲደክማችሁ ምልክቱን አሳንሱት፣ ሌሊት ጣታችሁ ከደነዘዘ አትታገሡት፣ ሐኪም ዘንድ ታዩ። መሣሪያ በማዳመጫ ቱቦ የምትፈትሹ ደግሞ ለከባድ ጉዳት የተሠሩ መሣሪያዎች ከ120 ዴሲቤል በላይ ሊያወጡ እንደሚችሉ አትርሱ። የድምፅ መቀነሻ ያለው ቱቦ ተጠቀሙ፤ የእናንተም ጆሮ ጆሮ ነው።

ማታ ማታ የሚደውሉ ወላጆችን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ስጡ። የምትገኙበትን ሰዓት ጻፉበት። ከሥሩ ደግሞ እናንተን ሳይጠብቁ በቀጥታ ሆስፒታል የሚያስኬዱትን ጻፉ፦ ባትሪ መዋጥ፣ መስማት በድንገት መቀነስ፣ የኢምፕላንቱ ቦታ ማበጥ ወይም መቅላት፣ ኢምፕላንት ባለው ልጅ ላይ ከፍተኛ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር። ኢምፕላንት ያላቸው ልጆች ለማጅራት ገትር የበለጠ ስለሚጋለጡ የመጨረሻው በተለይ ይሰመርበት። ይህን ወረቀት የያዘ ወላጅ የሚደውለው ከፍርሃት ስላልሆነ ጥሪው ይቀንሳል።

መስማት የተሳናቸው ባልደረቦቻችን ከእኛ የሚበልጥ ይሸከማሉ። እያንዳንዱ ወላጅ የልጁን የወደፊት ሕይወት እነሱ ፊት ላይ ሊያነብ ይፈልጋል፤ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ደግሞ አስተርጓሚ ሳይቀርብ ከንፈር አንብበው እንዲከታተሉ ይጠበቃል። አስተርጓሚ እንዲቀርብ መጠየቅ የእነሱ ብቻ ሥራ አይሁን። የምንሰማው እኛ ስብሰባው ሲጠራ አስቀድመን እንጠይቅ።

በመጨረሻ ለሁላችሁም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የልጁን ፋይል ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የተጻፈው የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ነው፤ ቀጠሮ ሲለወጥም፣ ሞልዱ ሲደርስም፣ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲኖረውም የሚደወለው ለእሱ ነው። ሁለተኛ ቁጥር አስጽፉ። ባለሙያ ከሆናችሁ ደግሞ ሁለተኛ ቁጥር ጠይቁ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ መጀመሪያ ወደዚያኛው ደውሉ።